ከቀብሯ የከለከለችኝ አናጢ

ባለፈው ጥቅምት ስልኬ ጮኸና አንዲት የማላውቃት ሴት በእንግሊዝኛ «ሰይፉ የሚባለው አንተ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «የዶሚንጋ የእህት ልጅ ነኝ። አክስቴ ዓርብ ዕለት አርፋለች። ከመሞቷ በፊት ቀብሯ ላይ እንዳይመጡ የምትፈልጋቸውን ሰዎች ስም ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። ሦስተኛው አንተ ነህ» አለች። ልጅቷ አፍራለች፣ ድምጿ ያስታውቃል። ከእኔ በፊት የተጻፉት እነማን ናቸው ብዬ ጠየቅኳት። አንደኛው የፈታችው ባሏ፣ ሁለተኛው አንድ ቄስ ነው። «ከእኔስ በኋላ?» ስላት «ካንተ በኋላ ማንም የለም» አለችኝ።

በእኛ ወግ ሰው ቢጣላ፣ ቢካሰስ፣ ዓመት ሙሉ ቢኳረፍ ለቀብር ይመጣል። የሚታማው የቀረው ነው። አትምጣ ተብሎ የተላከበት ሰው ግን ከራሴ ሌላ አላውቅም። አልሄድኩም። ባለቤቴ «ምን ብታደርጋት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው።

ሙት ወቃሽ አትበሉኝ እንጂ ዶሚንጋን አልወዳትም ነበር። እሷም ገና ከመጀመሪያው ቀን ጥርስ ነክሳብኝ ነበር። ዛሬም ስሟ ሲነሳ ደሜ ይፈላል፤ ይኼን ያህል ዓመት አልፎ መፍላቱ ራሱ ያናድደኛል። አብረውኝ የሠሩ ስንት ደጋግ ሰዎች ስማቸው ጠፍቶብኝ፣ እሷ ግን መሮዋን እንዴት እንደምትይዝ እንኳ አልረሳሁም።

ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ የምንለው የሎስ አንጀለሱ የፌርፋክስ ጎዳና ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጀመሪያ፣ አንድም የእኛ ሰው ሱቅ አልነበረበትም። ከጎዳናው ጀርባ፣ አሁን ምግብ ቤቶቻችን የቆሻሻ በርሜል በሚደረድሩበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ አንድ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ነበር። ባለቤቱ ሚስተር ሆልት ይባላል። የስፔኖችን ዘመን አሮጌ ዕቃ እያሳደሰ፣ አዲሱንም አሮጌ እያስመሰለ ለሀብታሞች ይሸጣል። እኔ ጠዋት ኮሌጅ እየተማርኩ ከሰዓት በኋላ እዚያ እሠራ ነበር። እጠርጋለሁ፣ እጭናለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ ሲፈቀድልኝ እቆርጣለሁ። የወርክሾፑ ዋና አናጢ ዶሚንጋ ነበረች።

አርባ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ያለች፣ ትከሻዋ የሰፋ ሴት ናት። የወንድ ሸሚዝ ትለብሳለች። ሜትር አትነካም፤ በክንድና በስንዝር ነው የምትለካው፣ አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም። እኔም ደስ ብሎኝ «እኛም አገር እንዲህ ነው የሚለካው» አልኳት። «ስለ አገርህ ጠየቅኩህ?» አለችኝ። ሰው ሰላም ሲላት አፍንጫዋን ወደ እንጨቱ አስጠግታ ማሽተት ትጀምራለች። ሚስማር ስመታ ካየችኝ «ሚስማር የሰነፍ ጸሎት ነው» ብላ በጉጠት ትነቅለዋለች። አንድ ወንበር ሠርታ ስትጨርስ ከጭነት መድረኩ ላይ ወደ አስፋልቱ ትወረውረዋለች። መጋጠሚያው ከላላ ራሷ በመጥረቢያ ትፈልጠዋለች። እኔ የሠራሁትን በርጩማ ደግሞ ሳትወረውረው ፈለጠችው። «ይኼ መውደቅም አያስፈልገው» አለች።

ስሜን አንድም ቀን ጠርታኝ አታውቅም። «ተማሪው» ነበር የምትለኝ።

ዶሚንጋ ሎስ አንጀለስ ከተማ ከመሆኗ በፊት እዚህ ምድር ላይ ይኖር የነበረ ሕዝብ ልጅ ናት። የሕዝቧን ስም ነግራኝ ነበር፤ እኔ ግን ለመያዝ አልደከምኩም። ስፔኖች መጥተው ሚሲዮን ሲሠሩ ሕዝቧን አጥምቀው፣ ስሙን ቀይረው፣ ግቢ ውስጥ ዘግተው አሠሩት። «ዶሚንጋ በስፓኒሽ የሰንበት ስም ነው። በሰንበት እንኳ ያላሳረፉን ሰዎች ናቸው ያወጡልን» ትል ነበር። ወርክሾፑ የሚሸጠው ደግሞ የእነዚያን ሰዎች ወንበርና ቁምሳጥን ነው። በዚያ ሥራ እንጀራዋን ትበላለች፣ በየቀኑም ትረግመዋለች።

አንድ ሰኞ አንድ ትልቅ ግንድ በመኪና መጣ። ውፍረቱ የሰው ወገብ ያህል፣ ርዝመቱ ስድስት ክንድ፣ በዕድሜ ብዛት የጠቆረ፣ ላዩ ላይ የጥንት መጥረቢያ ጠባሳ ያለበት። ቢሮው ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር የሆነ አንድ ጠበቃ ነው ያስመጣው። የፈረሰ የሚሲዮን ቤተክርስቲያን የጣሪያ ወራጅ ነበር። ከእሱ የጥንት የሚሲዮን አለቃ የሚቀመጥበት ዓይነት፣ መደገፊያው ከፍ ያለ ግርማ ያለው ወንበር እንዲሠራለት አዟል። ቢሮው ውስጥ እንግዶቹን ጠርቶ ሊያስመርቀው ነው።

እኔ «ቤተክርስቲያን» የሚለውን ቃል እንደሰማሁ እጄን ከአቧራው ጠረግኩና ወደ ግንዱ ሄድኩ። ግንባሬን አስነካሁ፣ ተሳለምኩት። አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ የደጁን ድንጋይ የሚሳለም ሰው ወራጁን እንዴት ያልፋል? ቀና ስል ዶሚንጋ ቆማ እያየችኝ ነው። ግንዱን ካስቀመጥንበት ሁለት ከፍ ያሉ እንጨቶች ላይ በእግሯ ገፍታ ወለሉ ላይ ጣለችው። ሕንፃው ተናወጠ። ከዚያ በላዩ ተራመደችበት፣ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች።

በማግስቱ ከትምህርት በፊት በጠዋት ቀድሜያት ገብቼ ግንዱን በብረት ዘንግ እየፈነቀልኩ ወደ እንጨቶቹ መለስኩት። ስትገባ አየችው፣ ጣለችው። ረቡዕም አነሳሁት፣ ረቡዕም ጣለችው። ሐሙስ ሦስተኛዬ ነበር፤ ወገቤ ተቀጭቶ እያነከስኩ ነው። እኔ የእግዚአብሔርን ቤት እንጨት አስረግጬ አልሠራም ብዬ በሆዴ ምያለሁ። እሷ ደግሞ እልኸኛ መሆኔ ገብቷታል።

ሐሙስ ዕለት መጥረቢያዋን ይዛ ከፊቴ ቆመች። «ይኼ ግንድ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ከቤተክርስቲያን» አልኳት።

«ከተራራ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ዛፍ አይበቅልም። የእኔ ሰዎች ናቸው በትከሻቸው ያወረዱት፣ የስንት ቀን መንገድ። የሚሲዮኑ ቄስ ግንዱ ለእግዚአብሔር ተባርኳልና ቤተክርስቲያኑ እስኪደርስ መሬት እንዳይነካ አለ። ማረፍ የለም ማለት ነው። የደከመው ሲወድቅ ሌላው ከሥሩ ይገባል። ግንዱ መሬት ሳይነካ ደረሰ። መሬት የገቡት ሰዎቹ ናቸው። አያቴ ከአያቷ የሰማችውን ነው የምነግርህ። አሁን መሬት ይንካ! አንተ ደግሞ በየቀኑ ታነሳብኛለህ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የኛ ነገር ታውቃላችሁ፣ ስለ ቅኝ ግዛት ሲነሳ ደረታችን ይነፋል። «የእናንተ ችግር የመጣው ከውጭ በመጡ ሰዎች ነው» አልኳት። «እኛ ግን ማንም አልገዛንም። ቤተክርስቲያናችን የራሳችን ነው። አያቴ ወደ ደቡብ አገር በተሰጣቸው መሬት ላይ ገብርኤልን ሲተክሉ ዝግባው ከጫካ እስከ ኮረብታው በሰው ትከሻ ነው የመጣው። በእልልታ! ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ የተቀደሰ እንጨት እንዴት እንደሚያዝ እናውቃለን።»

ዶሚንጋ መጥረቢያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ አትኩራ አይታኝ አታውቅም።

«አያትህ ተሸከሙ?»

«እሳቸውማ ሽማግሌ ናቸው። በበቅሎ ሆነው ያዝዙ ነበር።»

«አባትህስ?»

«አይ... ሰዎቹ ናቸው።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የእኛ ሰዎች። መሬቱን የሚያርሱት።»

«መሬቱ ከአያትህ በፊት የማን ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ጭሰኞቹ በሌላ ቋንቋ እንደሚነጋገሩ፣ አያቴን በአስተርጓሚ እንደሚያናግሯቸው፣ መሬቱ ከዘመቻ በኋላ እንደተሰጣቸው አውቃለሁ። አንድ ሰው ግንድ ተንሸራቶበት እግሩ ሲሰበር፣ አያቴ «ለመልአኩ የተከፈለ ዋጋ ነው» ማለታቸውንም አስታውሳለሁ። «ለእግዚአብሔር ብለው ነው የተሸከሙት» አልኳት።

ሳቀች። የዶሚንጋን ሳቅ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት፤ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። «ቄሱም ያለው ይኼንኑ ነው» አለችኝ።

ያን ሰሞን እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ ከሚኖረው ጓደኛዬ ከታምራት ጋር የተማሪዎች ስብሰባ ሄጄ «መሬት ላራሹ» ብዬ ድምፄ እስኪዘጋ የምጮህ ልጅ ነበርኩ። የኮሌጅ ክፍያዬ ከአያቴ መሬት እንደመጣ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እዚህ ያለችው አናጢ፣ ስብሰባ ሄዳ የማታውቀው፣ በአራት ጥያቄ አወጣችው። አንጀቴ አረረ። ስህተቴ ስለገባኝ አልነበረም፤ ስላዋረደችኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ግንዱን አላነሳሁም። ሳንነጋገር ሦስት ሳምንት ሠራን። እሷ ወንበሩን ማንንም ሳታስነካ ትሠራለች። ሚስተር ሆልት ሥራ በሚሰጥበት ቀን ካልሆነ ወደ ኋላ ክፍል አይመጣም፤ እሷ ላይ እምነት አለው። እኔ ግን በየቀኑ አየው ነበር። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ እጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እግሮቹ፣ መቀመጫው፣ ክንድ ማሳረፊያው ያለ አንድ ሚስማር ተገጣጥመው አንድ ላይ የበቀሉ ይመስላሉ።

ሲያልቅ ጠራችኝ። «ተማሪው፣ ተቀመጥ» አለች።

የወንበሩ መደገፊያ ከፍ ብሎ ሄዶ አናቱ ላይ ወደ ፊት ይወጣል። እዚያ ላይ የግንዱን አንድ ቁራጭ ሳትላግ፣ ጥቁረቱና የመጥረቢያው ጠባሳ እንዳለ ትታዋለች። ስቀመጥ ያ ቁራጭ ማጅራቴና ትከሻዬ ላይ አረፈ። አያቆስልም፣ አይወጋም። ግን አንገትህን ሳትደፋ መቀመጥ አትችልም። ቀና ልበል ብል እንቢ አለኝ፤ የሚታየኝ የራሴ ጫማ ብቻ ነው። በዚያ ግርማ ባለው ወንበር ላይ እንደ ተሸካሚ ጎብጬ ቀረሁ።

«ሃያ አምስት ዓመት የሌሎችን ወንበር ሠርቻለሁ» አለችኝ ከላይ ሆና። «ይኼ አንዱ ለሰዎቼ ነው። ሰኞ ጠበቃው እንግዶቹ ፊት ይቀመጥበታል። ለአንዲት ደቂቃ ይሸከማል። ከዚያ ይጣሉት፣ ያቃጥሉት፣ ግድ የለኝም።» ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «የአያትህ ቤተክርስቲያን ውስጡ እንዲህ ነው፣ አየኸው?» አለችኝ።

ብድግ ስል ቁራጩ ጭንቅላቴን መታኝ።

ቤት ስገባ ታምራት ፊቴን አይቶ ምን ሆንክ አለኝ። ነገርኩት፤ ግን የነገርኩት ግማሹን ነው። ስለ አያቴ አላነሳሁም። ሴትዮዋ የቤተክርስቲያን እንጨት እንደረገጠች፣ ከተጠመቀው ሕዝብ ወገን ሆና በቤተክርስቲያን እንደምታላግጥ፣ የሰው ትእዛዝ እንዳበላሸች ብቻ ነገርኩት።

«ሶ ለምን ለቦስህ አትነግረውም?» አለኝ። «ከስተመሩ መጥቶ ሲያየው አንተንም አብሮ ነው ፋየር የሚያደርግህ። ኦኬ? ጆብህን ሴቭ አድርግ።»

«ነገረኛ መሆን አልፈልግም እኮ።»

«ምን ነገረኛ አለው! እውነት ነው የምትነግረው።»

ታምራትን ምክንያት አላደርገውም። ከመምከሩ በፊት ልቤ ወስኖ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገና እንደገባሁ ወደ ሚስተር ሆልት ቢሮ ሄጄ «ወንበሩን ዛሬ ቢያዩት ይሻላል» አልኩት።

ሚስተር ሆልት ተቀመጠበት። ሲነሳ ፊቱ በርበሬ መስሏል። አልጮኸም፤ ጨዋ ሰው ነው። ዶሚንጋን ያንን ቁራጭ ቆርጠሽ አንሺው፣ መደገፊያውን አስተካክይው አላት። «አልቆርጥም» አለች። ሰኞ ዕቃው ይሰጣል፣ ካልቆረጥሽ ሥራሽ አለቀ አላት። «አልቆርጥም» አለች ደግማ፤ ወደ እሱ አላየችም፤ ወደ እኔ ነው ያየችው። ማን እንደነገረባት ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሚስተር ሆልት መጋዙን ለእኔ ሰጠኝ።

ፈርቼ ቆረጥኩት ብል ደግ ሰው እመስላችኋለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የቆረጥኩት። አንገቴን ያስደፋኝን ነገር በእጄ ማስወገድ ፈልጌ ነበር። መጋዙን አናቱ ላይ አሳርፌ ጀመርኩ። ቸኩዬ ስለገፋሁት መንገዱን ሳተ፤ ጥርሱ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ከኋላዬ እርምጃ ሰማሁ። ዶሚንጋ መጥታ የሚቆረጠውን ቁራጭ ከሥሩ በሁለት እጇ ያዘችው። ክብደቱ ሲንጠለጠል የታችኛው እንጨት እንዳይሰነጠቅ ነው።

«ክርንህን አጥብቅ» አለችኝ። «አትግፋው። መጋዙ ራሱ ይሂድ።»

ክርኔን አጠበቅኩ። የራሷን ሥራ ስቆርጥ እያስተማረችኝ ነው። ያን ያህል ዘመን ስትሰድበኝ፣ ስትፈልጥብኝ፣ ስታሾፍብኝ ኖራ፣ በደንብ ያስተማረችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ያን ቀን ያህል አክብራኝ አታውቅም ብዬ አሰብኩ፤ ይኼን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቁራጩ እጇ ላይ ሲቀር በሸራ ጠቀለለችው፣ አቅፋው ወጣች። መሣሪያዎቿን እንኳ አልያዘችም።

ሚስተር ሆልት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ከሰኞ ጀምሮ የሥራ ጠረጴዛዋ ያንተ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ቅዳሜ ስብሰባ አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ወርክሾፕ ውስጥ ሆኜ የቆረጥኩትን ቦታ ላግኩት፣ ፈተግኩት፣ ቀለም ቀባሁት። ማንም ሰው እዚያ ላይ ሌላ ነገር እንደነበረ አያውቅም። ጥሩ አድርጌ ነበር የሠራሁት።

ሰኞ ጠበቃው ራሱ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው። ወንበሩን ዞሮ ዞሮ አየው፣ የመጥረቢያ ጠባሳ የቀረበትን የእግሩን ጎን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ተቀመጠ። ወደ ኋላ ተደገፈ፣ ጭንቅላቱን አሳረፈ፣ እግሮቹን ዘረጋ። «እንዴት ይመቻል!» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። ሚስተር ሆልት ከጎኑ ቆሞ ይስቃል።

በዚያች ቅጽበት የኋላው በር ተከፈተና ዶሚንጋ ባዶ ሣጥን ይዛ ገባች። መሣሪያዎቿን ልትወስድ ነው የመጣችው። ማንንም ሰላም ሳትል ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ መሮዎቿን አንድ በአንድ በጨርቅ መጠቅለል ጀመረች። ጠበቃው አላያትም።

«የማን እጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ክንድ ማሳረፊያውን እየዳበሰ። «ይኼን የሠራው ማነው?»

ሚስተር ሆልት ወደ እኔ ጠቆመ። ጠበቃው ዞሮ እጁን ዘረጋልኝ። የእኔ አይደለም ማለት እችል ነበር። ከጀርባዬ በአሥር እርምጃ ላይ ናት፤ ዘወር ብዬ በእጄ ባሳያት ይበቃ ነበር። እኔ ግን የተዘረጋልኝን እጅ ጨበጥኩና «አመሰግናለሁ» አልኩት።

ዶሚንጋ የመጨረሻውን መሮ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ሣጥኑን አንስታ በአጠገባችን ስታልፍ ቆም አለች። ወንበሩን አየችው፣ የላግኩትን ቦታ አየችው። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ልክ ነው» አለችው ጠበቃውን። «የእሱ ሥራ ነው።»